የነጋድራስ ገብረ ሕይወት መጽሐፍ በከፋ ቡና ሲመዘን

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ገና አልታተመም ነበር። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታትሞ ከወጣ ወዲህ ግን ስለ አገር ሀብትና ድኽነት በአማርኛ ከተጻፉት ሁሉ በቀዳሚነት ሲጠቀስ ይኖራል። ይህም ክብር የሚገባው ነው። ደራሲው በውጭ አገር የተማሩትን ረቂቅ ትምህርት ገበሬና ነጋዴ በሚያውቀው ነገር እየመሰሉ በቀላል አማርኛ አስረድተዋልና።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ እንዲህ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበረታውም ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመኪና ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ያወጣውን ዕቃ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን በእጁ ደክሞ ባገኘው ፍሬ ይለውጠዋል። ስለዚህ ገበያው በስምምነት የቆመ ቢመስልም፣ የአንዱ ጥቂት ድካም የሌላውን ብዙ ድካም ይውጠዋል። ንግድ መስፋቱ ብቻውን የአገር መበልጸግ ምልክት አይደለም ማለታቸው ከዚህ የመጣ ነው። ከጊዜ በኋላ ከቅኝ ግዛት የወጡ አገሮች ሊቃውንት በብዙ መጻሕፍት የተከራከሩበትን ነገር እኒህ ኢትዮጵያዊ አስቀድመው አይተውታል።

ነገር ግን የመጽሐፍ እውነት በአንድ አገር ኑሮ ሲመዘን ይታወቃል። ለዚህም ከከፋ የተሻለ ሚዛን አይገኝም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዱር የዓረቢካ ቡና የትውልድ ስፍራ ነው፤ ቡናም ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ሁሉ ዋነኛው ሆኖ ኖሯል። በቦንጋ ዙሪያ ያለው ገበሬ እንሰቱን ለምግቡ ይተክላል፤ ቡናውን ግን ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይለቅማል። የነጋድራስ ትምህርት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ፣ የዚህ ገበሬ ድኽነት ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ነው ተብሎ ነገሩ በተፈጸመ ነበር።

የከፋ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር አገሩን ወግቶ ያዘ፤ የመጨረሻውም ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለወታደር በገባርነት ተደለደለ፤ ብዙው በጦርነት አለቀ፣ በባርነት ተጋዘ፣ ተሰደደም፤ ታርሶ የነበረውም መሬት ዱር ሆነ። ለገባሩ እንግዲህ ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚደረገው ልውውጥ ሁለተኛው ኪሳራ ነበር። ፊተኛው የተፈጸመው ገና ገበያ ሳይወጣ፣ በደጁ ላይ፣ የድካሙ ፍሬ ሳይሸጥ ሲወሰድበት ነው።

እዚህ ላይ የመጽሐፉ ጉድለት ይታያል። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያለውን መበላለጥ አጥርቶ ሲያሳይ፣ «ዕውቀት የሌለው» የተባለውን ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ይቆጥረዋል። በእርሱም ውስጥ ለቃሚና አስለቃሚ፣ ገባርና አስገባሪ መኖሩን በዚህ ክርክር ውስጥ በቂ ስፍራ አልሰጠውም። ደራሲው ይህን ስላላወቁ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በአሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው፣ ግብር እንዲወሰንና ወታደር ደመወዝ እንዲቆረጥለት መክረዋል። አንዱ ጽሑፍ በገባሩ ላይ ያለውን ሸክም፣ ሁለተኛው በአገሩ ላይ ያለውን ሸክም አየ። ሁለቱ ሸክሞች በአንድ ትከሻ ላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ምዕራፍ ግን ሳይጻፍ ቀረ።

የዚህ ምዕራፍ መጉደል የታሪክ ነገር ብቻ አይደለም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ገባርነት በሕግ ሲቀር፣ የቡና ዋጋም ሲወደድ፣ ዕውቀትና ገንዘብ ወደ ቡና አገር ገቡ፤ ነገር ግን መሬቱን ሹማምንትና ባለ ገንዘቦች እየያዙት ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ፈቀደ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን መንግሥት ራሱ ገዢ ሆኖ ዋጋ ሲወስን፣ መሬት ያገኘው ገበሬ ፍሬውን በሌላ ሰው ሚዛን እንዲሸጥ ሆነ። በቦንጋ አጠገብ የሚገኘው የውሽውሽ የሻይ እርሻ ከመንግሥት ወደ ግል ባለ ሀብት ሲዛወርም፣ ለቃሚው በቀን ሙያተኛነቱ ቀረ እንጂ ባለ ርስት አልሆነም።

ዛሬም ቢሆን እሸቱ ከለቃሚው እጅ ወጥቶ ሰብሳቢውን፣ አቅራቢውንና ላኪውን አልፎ ባሕር ይሻገራል። ቆልቶ የሚሸጠው ሌላ አገር ነው። በዚህ በኩል የነጋድራስ ቃል አላረጀም። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕያው ሀብት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ዓለም ዛፉን አከበረ፤ ዛፉን ሲጠብቅ የኖረው ሰው ከዚያ ክብር ምን ያህል እንደሚደርሰው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሊነበብ ይገባዋል፤ የሚያነበው ግን የቡናውን መንገድ ከወደቡ ሳይሆን ከዛፉ ሥር ይጀምር። ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ መኪናም ገብቶ፣ የትርፉ ባለቤት ካልተለወጠ፣ ዕውቀት የአስለቃሚውን እጅ ያረዝማል እንጂ የለቃሚውን ጎተራ አይሞላም። መጽሐፉ «ስንት ደክመህ ስንት አገኘህ?» ብሎ አገርን መጠየቅ አስተምሯል። ያንኑ ጥያቄ በአገሩ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ግን ለአንባቢው የቀረ ሥራ ነው።