የላንቻ ልጅና ላንቺያዋ

ትናንት ያየኋትን መኪና ለሰው ሳልናገር ይህን ሳምንት መጨረስ አልችልም። ከቱሪን ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር፣ ድሮ የከብት በረት በነበረ ጋራዥ ውስጥ፣ እድሳቷ ከግማሽ ያለፈ የ1978 (እ.ኤ.አ.) ላንቺያ ቤታ ኤችፒኢ ለሽያጭ ቆማለች። ሰማያዊ ናት። በሩ ሲከፈት የጠዋት ፀሐይ ትከሻዋ ላይ አረፈችና፣ እኔ ለሰላምታ የዘረጋሁትን እጅ ረስቼ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ባለቤቷ አዛውንት ሳቁ። “ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሆነው” አሉኝ።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ላንቻ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጣሊያኑ የመኪና ኩባንያ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የታክሲ ረዳቶች በቀን መቶ ጊዜ ሲጠሩት እሰማ ነበር፤ መኪናዋን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ትናንት አየኋት!

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ቤታ ኤችፒኢ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በመጋቢት 1975 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ሦስቱ ፊደላት የእንግሊዝኛ ምሕጻር ናቸው፤ ትርጉሙ ወደ “ከፍተኛ ብቃት ያለው ስቴሽን ዋገን” ይጠጋል። ላንቺያ በጊዜው ከነበሩት ቤታዎች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው የቤተሰብ ሴዳን ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2,540 ሚሊሜትር። ሌላው ኩፔ ነው፤ አጭር፣ ቆንጆ፣ 2,350 ሚሊሜትር። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ? የሴዳኑን ረጅም ወለል ወሰዱ፣ በላዩ የኩፔውን አፍንጫና የኩፔውን በሮች ጫኑበት፣ ጣሪያውን ደግሞ እንደ ኩፔው ቶሎ ሳያዘቀዝቁ ወደ ኋላ አስረዘሙት። ከፊት ስታዩዋት በአራት ክብ መብራቶቿ የምታፈጥባችሁ ስፖርት መኪና ናት። ዞር ብላችሁ የኋላውን በር ወደ ላይ ስትከፍቱት የዕቃ መጫኛ ነው። የኋላ መቀመጫዎቹ ደግሞ ለየብቻ ይታጠፋሉ፤ አንዱ ላይ ልጅ፣ በሌላው በኩል ብስክሌት! ይህ ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ በ1975 በስፖርት መኪና ውስጥ ግን ብርቅ ነበር።

መልኳን ያወጣው ፒዬትሮ ካስታኜሮ ነው፤ ያችን ውብ ፉልቪያ ኩፔ የሣለው ሰው። በጎኗ ቆሜ ከፊት መብራቷ ጀምሬ እስከ ጭራዋ ድረስ በጣቴ መስመሩን ተከተልሁት። አንድም ቦታ አይሰበርም። በብዙ መኪና ላይ የስቴሽኑ ጀርባ በኋላ የተቀጠለ መሆኑ ያስታውቃል፤ እዚህ ግን ከመጀመሪያው እንዲህ ሆና የታሰበች ነው የምትመስለው።

ሞተሩስ! የኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው። ላምፕሬዲ ማለት አልቤርቶ አስካሪ በ1952 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የነዳትን የፌራሪ ሞተር የሠራ መሐንዲስ ነው። በኋላ ወደ ፊያት ሄዶ በ1966 ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር አወጣ፤ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ፊያት ላንቺያን የገዛው በ1969 ስለነበር፣ ቤታ ስትመጣ በወርድ ተጋድሞ የፊት ጎማዎቿን የሚያዞረው ሞተር ይኸው ሆነ። የዚህችኛዋ 1,995 ሲሲ ነው፤ የፒስተኑ ወርድ 84፣ ምቱ 90 ሚሊሜትር። ከ1987 እስከ 1992 ስድስት ዓመት በተከታታይ የዓለም የራሊ ዋንጫን የጠራረገችው ላንቺያ ዴልታም የዚሁ የላምፕሬዲ ሞተር ልጅ ናት። አምስት ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን፣ በአራቱም ጎማ ለየብቻው የሚሠራ አሞርዛቶሪ፤ ይህ ሁሉ ለገበያ፣ ለትምህርት ቤትና ለሽርሽር በሚሆን መኪና ላይ!

ዝገቱንስ የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የቤታን ስም ያጠፋው ዝገት ነው። በ1980 እንግሊዝ አገር በመጀመሪያዎቹ ሴዳኖች ላይ ሞተሩን የተሸከመው ብረት እየተበላ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ኩባንያውም ብዙዎቹን መልሶ እስከ መግዛት ደረሰ። ችግሩ የሴዳኖቹ ነበር፤ ወሬው ግን ኩፔውንም ኤችፒኢዋንም ጨምሮ በላቸው። ላንቺያ በ1994 ከእንግሊዝ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ያ ስም አልለቀቀውም። በአጠቃላይ ከ71,000 በላይ ኤችፒኢ ተሠርቶ ዛሬ በመንገድ ላይ አንዷን ማየት ብርቅ የሆነውም በከፊል በዚሁ ነው።

ስለዚህ ማግኔት ይዤ ነው የሄድሁት። ስቱኮ የተሞላ ብረት ማግኔት አይዝም፤ ይህን የተማርሁት ከሰፈሬ ላሜራ ሠሪዎች ነው። በፓራፋንጎው ጠርዝ ዞርሁ፣ በበሮቹ ታች ሄድሁ፣ የፊት አሞርዛቶሪዎቹ ራስ ከሚታሰርበት ጥግ ገባሁ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! አንድም ቦታ አላመለጠኝም። ከሥሯ ስገባ ደግሞ ያየሁት ብየዳ የጥልፍ ስፌት ነው፤ ነጥቦቹ እኩል፣ ርቀታቸው እኩል። አዲስ የገባውን ላሜራ አዛውንቱ በባትሪ እያበሩ አሳዩኝ። “እዚህ ጋ ነበር የተበላው፤ ቆርጬ ጣልሁት” አሉ። ምንም አልደበቁም። ከመቀየራቸው በፊት ያነሷቸውን ፎቶዎች ሁሉ በአንድ አልበም ለጥፈዋል። እኔ ያላለቀ እድሳት የምወደው ለዚህ ነው። ያለቀለት መኪና ምንጣፍና ልብስ ለብሶ ይጠብቃችኋል፤ ይህች ግን አጥንቷን ሳይቀር ታሳያችኋለች።

ከዚያ ወደ ካርቶኖቹ አለፍን። ወደ ሃያ የሚጠጉ ካርቶኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል። ማንበብ ጀመርሁ፦ ካንዴላ። ጓርኒሲዮን። ማርሚታ። ፍሪሲዮን። ኩሽኔታ። ቸርኬ። ጮክ ብዬ አነበብኋቸው። አዛውንቱ ጣሊያንኛዬ እንዲህ የጠራ መስሏቸው ተገረሙ። “ይህ እኮ የእኛም ቋንቋ ነው፤ ላንቻ ያሉ መካኒኮች በሙሉ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው” አልኋቸው። አላመኑኝም። ትንሹን ጣሳ አንስቼ በውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ጠራሁላቸው፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ። የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ እኛ ፖርቶመጋላ እንደምንለው ስነግራቸውማ ወንበር ስበው ተቀመጡና እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ ደገምሁላቸው።

“ላስነሳት?” አሉ በመጨረሻ። ከመቀመጫዎቹ የታሰረው የሹፌሩ ብቻ ነው፤ ዳሽቦርዱ ገና በከፊል ባዶ ነው። ቁልፉን አዞሩ። አንድ ጊዜ አጉተመተመች፣ በሁለተኛው ተነሣች። ካርቡራቶሩ አየር ሲስብ የሚሰማው ያ ጉሮሮ ያለው ድምፅ! የግቢው እርግቦች ሁሉ ተነሡ። ተቀመጥ አሉኝ፤ በግቢው ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ሁለት ዙር ዞርሁ። ሁለት ዙር ብቻ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ባልፈጠነ ፍጥነት። መሪው እጄ ውስጥ ሕይወት ነበረው፤ ጠጠሯን ሁሉ ይነግረኛል።

የቀረው ሥራ ግልጽ ነው፦ የጣሪያው ልብስ፣ የበሮቹ ጎሚኒ፣ ምንጣፉ፣ የዳሽቦርዱ ሽቦ፣ መቀመጫዎቹን ማሰር። አብዛኛው ዕቃ በካርቶኖቹ ውስጥ አለ። የጠየቁት ዋጋ ለላሜራውና ለቀለሙ ካወጡት ብዙ አይርቅም፤ ደረሰኞቹን አይቻለሁ። የሚሸጧት ጉልበታቸው ከሥሯ ገብተው ለመውጣት እምቢ ስላላቸው ነው። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጋራዥ የለኝም። ይህን መጻፍ እያቃጠለኝ ነው የምጽፈው። ጋራዥና ሁለት ክረምት ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሂዱ!

ስወጣ ከመሳቢያ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የአፍንጫዋ ዓርማ ነው፦ ሰማያዊ ጋሻ፣ መሪ፣ ባንዲራ የታሰረበት ጦር። ላንቺያ ማለት በጣሊያንኛ ጦር ማለት ነው። ለምን እንዳልሰኩት ጠየቅኋቸው። “እሱን የሚሰካው የሚጨርሳት ሰው ነው” አሉና መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።