ስለ ቆየ ሱቅና ስለ ታጠረ ቦታ

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት፥ የአዲስ አበባ ፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፥ በብዛት የተሰማው ምክንያት ቤቶቹ አርጅተዋል፥ ለኑሮም ለንግድም አይመቹም የሚል ነበር። ማርጀታቸውን እኛም አንክድም። ነገር ግን ቤትን የሚያስረጀው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሰው አያያዝ ጭምር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንነቅፍ የምንሻው ማፍረሱን ብቻ ሳይሆን፥ ከማፍረሱ በፊት የነበረውን የአያያዝ ሥርዐት ነው።

አራዳ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከተማይቱ ትልቅ ገበያ ነበረ። በዙሪያው ሕንዶች፥ አርመኖችና ግሪኮች እየሰፈሩ፥ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆኑ፥ የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ቤቶች አቆሙ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የአገሬውን ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ገፉትና አራዳን ለራሳቸው ያዙ፤ ፒያሳ የተባለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ነጋዴው ግን ጠላት ከወጣ በኋላም ከሱቆቹ አልጠፋም።

ቁም ነገሩ የሚጀምረው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967፥ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የነበሩትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር አስረከበ፤ ኪራዩንም ቀነሰ። ለድኻው ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። ይሁን እንጂ ጣራው ሲያፈስ ማን ያድሰው? ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ የቆርቆሮ ዋጋ አይሸፍንም። ተከራዩም ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ በዚያውም ላይ «ሰፈሩ ይፈርሳል» የሚለውን ወሬ ከዓመት ዓመት ስለሚሰማ፥ ገንዘቡን በሰው ግድግዳ ላይ አያፈስም። እንዲህ ሆኖ ለ49 ዓመት ያህል ብዙው የፒያሳ ቤት «እስከዚያው ድረስ» በሚባል ሁኔታ ኖረ። ሰዓት ሠሪው፥ ወርቅ ሠሪው፥ ልብስ ሰፊው፥ ቡና ቤቱ ሁሉ የእስከዚያው ተከራዮች ነበሩ። በመጨረሻም ያ አያያዝ ያመጣው ጉስቁልና በራሱ በቤቱ ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ዳኛውም ከሳሹም አከራዩ መሆኑ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የታጠረውን ቦታ እንይ። በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፥ በዚያው በፒያሳ፥ ለግንባታ ተብሎ የተያዘ ሰፊ ቦታ ሕንፃ ሳይወጣበት ለብዙ ዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ኖሮ ነበር። በኋላ ከተማው መልሶ ወሰደውና የዐድዋ ድል መታሰቢያን ሠራበት፤ የተመረቀውም የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ፍጻሜው አማረ ብለን አጥሩን ልንረሳው ግን አንችልም። ያረጀ ሱቅ ቢያንስ ኪራይ ያስገባል፥ ማታ መብራት ያበራል፥ መንገደኛውን ከዝናብ ያስጠልላል። አጥር ግን ከነዚህ አንዱንም አያደርግም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታ በጊዜው እንዲጀመር ማስገደዱ መልካም ነው፤ ግንባታው እስኪጀመር ሰው ከቤቱ እንዳይነቀል ማድረግ ደግሞ የበለጠ መልካም በሆነ ነበር።

አሮጌ የንግድ ቤት በአዲስ ሥራ ሊኖር እንደሚችል ለማወቅ ከፒያሳ መውጣት አያስፈልግም። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ተቀብሏል፤ በአዳራሹም ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት ገብቶ ወጣቱን ሁሉ ወደ አሮጌው ቤት መልሶት ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ያንን ክፍል በላው። ይህም ሌላውን ወገን፥ ማለት «ሰው ከገባበት ቤቱ ዳነ» የሚሉትን ወዳጆቻችንን የሚያርም ነው፤ የእንጨት ቤት ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የታደሰ የኤሌክትሪክ መስመርና የእሳት ማጥፊያም ይሻልና።

የበርሊኑ ታሄለስ ታሪክም እንዲሁ በሁለት በኩል ይቈርጣል። በ1900ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠራው ይህ የመደብር ሕንፃ በ1990 ሊፈርስ ሲል አርቲስቶች ገብተው አዳኑት። በ1998 ቦታውን የገዛው ባለሀብት ለ10 ዓመት ለስሙ ያህል በሆነ ኪራይ አስቀመጣቸው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ግን ያሰበው ግንባታ ገና አልተጀመረም ነበር። በ2012 ተገደው ወጡ፤ ሕንፃው በ2023 የፎቶግራፍ ሙዚየም እስኪከፈትበት ድረስ ብዙ ዘመን ተዘግቶ ቈየ። ስለዚህ ውል መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ባለግንባታው ሲዘገይ የተከራዩ ዘመንም አብሮ እንዲራዘም በውሉ መጻፍ ነበረበት።

በእኛ አገር ይህን ነገር ደብረ ታቦር ከሁሉ ቀድማ አይታዋለች። ራስ ጉግሣ የቈረቈሯትን ከተማ (እቴጌ ጣይቱም የእርሳቸው ተወላጅ ናቸው) ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄዱ አቃጠሏት፤ የጋፋትንም ባለሙያዎች ይዘዋቸው ሄዱ። ከተማይቱ እንደገና ቆመች፤ የጋፋት ሥራ ቤት ግን አልቆመም፤ እጁ ሄዷልና። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ሱቁን ተነጥቆ በከተማው ዳር ቤት ሲሰጠው፥ የተሰጠው መኝታ ነው እንጂ ደንበኛ አይደለም።

ገና ላልፈረሱት ቤቶች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ግንባታው እስኪጀመር ድረስ የሚጸና የ5 ዓመት ውል ይሰጣቸው፥ ተከራዩም ለጣራና ለመስመር ያወጣው ከኪራዩ ይታሰብለት። ማዘጋጃ ቤቱ ገቢዬ ይቀንሳል ቢል፥ ከታጠረ ቦታ በወር ስንት ብር እንደሚሰበስብ እንጠይቀዋለን።