ሲገለበጥ የሚታይ ሙያ

የአራስ ሆድ ማሰሪያ የሠራውን ሰው ሙያ ለማወቅ ልብሱን መገልበጥ ያስፈልጋል። ፊቱ ሁልጊዜ ያምራል። ሙያው ያለው ከውስጥ፣ ቆዳ በሚነካው በኩል ነው። ስፌቱ ከየት እንደተነሣ፣ የት ላይ እንደዞረ፣ ክሩ በምን እንደተቋጨ የሚነበበው እዚያ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተገልብጦ የተዘረጋ አንድ አለ። ጆሃንስበርግ አጠገብ ቴምቢሳ ውስጥ ሱቅ ያላት ያገሬ ልጅ በወለደች ሰሞን ጂፒ ከሚባለው የጆሃንስበርግ መንገድ ገዝታው፣ ስትጨርስ አጥባ ያዋሰችኝ ነው። ቀለሙ የቆዳ ነው፤ ከጡት ሥር ጀምሮ እስከ ጭን አጋማሽ ይደርሳል። ከሩቅ ሲያዩት ቁምጣ ነው። ጣት ሲገባበት ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። ሆዱ ላይ ጨርቁ ድርብ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ነጠላ። ድርቡ ከታች ሰፊ ሆኖ ይነሣና ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ እምብርት አካባቢ ያልቃል። የቆረጠው ሰው ሆድ ከታች መደገፍ፣ ከላይ ትንፋሽ ማግኘት እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው። የጎን ስፌቱ ደግሞ በትክክል ጎን ላይ አላረፈም፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ተገፍቷል። እናት በጎኗ ተኝታ ስታጠባ ስፌቱ የዳሌ አጥንቷ ላይ እንዳይቀመጥ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው አላውቀውም፤ ሥራውን ግን አከብረዋለሁ።

ስፌቱን በጥፍር ሄድኩበት። ጉብታ የለውም። ሁለቱ የጨርቅ ጠርዞች አልተደራረቡም፤ ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው ክሮቹ እንደ መሰላል ከላይና ከታች ተሻግረውባቸዋል። ልብስ ሰፊዎች ፍላትሎክ ይሉታል። ብዙ መርፌና ብዙ ክር የሚፈልግ፣ ከተራው ኦቨርሎክ ይልቅ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ስፌት ነው። ለተራ ሸሚዝ ቅንጦት ሊባል ይችላል። ከወለደች ሳምንታት ለሆናት፣ ቆዳዋ ተወጥሮ ለከረመ ሴት ግን እዚህ ስፌት ላይ መቆጠብ ነውር ነው እላለሁ። እግር መሐል የሚያርፈው ቁራጭ ደግሞ ከሌላው ጨርቅ የተለየ ንጹሕ ጥጥ ነው፤ አራስ ለሳምንታት ደም ይፈሳታልና እርጥበት የማይጠጣ ናይለን እዚያ ቦታ ላይ አይገባም።

ቴምቢሳ ከጆሃንስበርግ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኬምፕተን ፓርክ ባሻገር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የተቆረቆረ ሎኬሽን ነው። ያገራችን ሰዎች፣ በተለይ ከሀዲያና ከከምባታ የመጡት፣ በየመንደሩ ስፓዛ የሚባል ትንሽ ሱቅ ከፍተው ይሠሩበታል። እዚህ የምትወልድ ሴት አራስ ቤቷ ጠባብ ነው። እናት ሆሳዕና ናት፤ እህት ምናልባት ደርባን ወይም ኬፕታውን። ገንፎ የሚያገነፋ፣ ጀርባ የሚያሽ፣ ወገብ የሚያስር ሰው እንደ አገር ቤት ደጅ ላይ አይሰለፍም። ስለዚህ አገር ቤት በሰው እጅ ይሠራ የነበረው ነገር እዚህ በልብስ ይተካል። ብዙዎቹ አራስነታቸውን ሳይጨርሱ ባንኮኒው ጀርባ ይቆማሉ፤ ሲቀመጡ፣ ሲነሡ፣ ጎንበስ ብለው ሳሙና ሲያወጡ ይውላሉ። ለእነዚህ ሴቶች የሆድ ማሰሪያ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወገብ ጉዳይ ነው።

ልብሱ የሚገዛው ባብዛኛው ከጂፒ ነው። ጂፒ እኛ ያወጣንለት አጠራር ነው፤ ጄፒ ስትሪት ዛሬ በመንግሥት ስሙ ራሂማ ሙሳ ጎዳና ይባላል። ራሂማ ሙሳ ኦገስት 9 ቀን 1956 ሴቶች የይለፍ ወረቀት ሕግን ተቃውመው ወደ ፕሪቶሪያ ዩኒየን ሕንፃዎች ሲዘምቱ ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ያን ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ጆሃንስበርግ ውስጥ የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታልም በስሟ ተሰይሟል። ሜዲካል አርትስ የተባለው፣ ድሮ የሐኪሞች ክፍል የነበረውና ቆይቶ ያገራችን ነጋዴዎች ሱቅ በሱቅ ያደረጉት ሕንፃም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ለአራስ የሚሆን ልብስ ፍለጋ በዚህች ሴት ስም በተጠራ መንገድ መሄድ ደስ ይለኛል።

ልብሱ ምን ሊሠራ እንደሚችልና እንደማይችል ካላወቅን ሙያውን መመዘን አይቻልም። ማሕፀን ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ያን የሚያደርገው ሰውነት ራሱ ነው። በእርግዝና ወቅት የሆድ ፊት ሁለቱ ጡንቻዎች መሐል ለመሐል ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጅማት ይሳሳል። ብዙ ሴቶች ላይ ክፍተቱ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን ሰፊ ሆኖ ይቆያል፤ ያኔ የሚረዳው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ማሰሪያ ስብ አያቀልጥም፤ ጡንቻም አይሰፋም። የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ጀርባ ሲያርፍ፣ ስታስል ወይም ስታስነጥስ ሆድ ሲያዝላት፣ በኦፕራሲዮን የወለደችም ሐኪሟ ከፈቀደላት በኋላ ከአልጋ ስትነሣ ቁስሏ ሲደገፍ፣ ጥቅሙ ያ ነው። ከዚያ በላይ የሚምል ማሸጊያ ውሸቱን ነው።

መቀነት ይህን ድጋፍ መስጠት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቃል። ቴምቢሳ ውስጥ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ መቀነት በብዙ ያገራችን ሰዎች ቤት ይገኛል፤ ያየሁት አንዱ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ነበር። ዳሩን ተመልከቱት። ዘምዘማ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ማጉ ዳር ደርሶ የመጨረሻውን የድር ክር ታቅፎ ይመለሳል፤ ዳሩ የሚዘጋው በራሱ ነው። ስፌት ስለሌለው ቆዳ የሚፍቅ ጉብታ የለውም። ጥሩ ሸማኔ የሚለየው እዚህ ዳር ላይ ነው። ማጉን ከሚገባው በላይ ከሳበው ዳሩ ይሰበሰባል፣ መቀነቱም መሐሉ ይነፋል፤ ካላላው ይዝረከረካል። የያዝኩት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወርድ ነበር። እጅ ብቻ፣ ዓይን ብቻ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ እግሮች ብቻ ይህን እኩልነት ጠብቀው ያን ሁሉ ርዝመት ሄደዋል። ጥለቱም ቢሆን ለውበት ብቻ አልገባም። የቀለሙ ክር የሚጠቀጠቅበት ቦታ ጨርቁ ይወፍራል፣ ይጠነክራልም፤ ስትጠቀልዪው ያ ወፍራም ጠርዝ ከላይኛው ዙር ጋር ይያያዛል፣ አይንሸራተትም። በእጅ የተፈተለ ጥጥም ከፋብሪካ ክር የበለጠ ሻካራ ስለሆነ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ይጨብጣል፤ ለዚህ ነው መቀነት ያለ መንጠቆ፣ ያለ ቁልፍ፣ ጫፉ ተወትፎ ቀኑን ሙሉ የሚቆየው። ጫፉ ላይ የተቋጨው ዘርፍ ድሩ እንዳይተረተር ነው።

አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት አራሷን ሲያስሩ አይቻለሁ። ከዳሌዋ ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ የታችኛውን ዙር ጠበቅ፣ የላይኛውን ላላ አደረጉ። «ልጄ፣ ከታች ነው የሚያዘው፤ ከላይ ያለውን ለትንፋሽሽ ተዪለት» አሏት። ከዚያ ተንፍሺ አሏትና እጃቸውን ከመቀነቱ በታች አስገብተው ፈተሹ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቁምጣ ድርብ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ የሚጠበው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ መቀነት በየቀኑ እንደ ሆዱ መጠን ይስተካከላል፤ የፋብሪካው ልብስ ደግሞ ሥራውን ለላስቲክ አደራ ይሰጣል።

ቴምቢሳ ውስጥ ከዙሉ ጎረቤት ጋር ስለ ሆድ ማሰር ስትጨዋወቺ ነገሩ እንግዳ አይሆንባትም። ያገቡ የዙሉ ሴቶች ኢሲባምባ የሚባል፣ ከተጠለፈ ሣር ተሠርቶ በጨሌ የሚዋብ ወፍራም ቀበቶ ነበራቸው። ማሌዥያውያን ደግሞ ቤንግኩንግ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ አራስ ላይ ከዳሌ እስከ ጡት ሥር ይጠቀልላሉ።

ወደ ላስቲኩ ልመለስ፤ ሙያው እዚያ ላይ ረቂቅ ነውና። ዛሬ ላይክራ እያልን የምንጠራው ክር ኤላስቴን ነው፤ በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ የዱፖንት ኬሚስት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሠራው። ከርዝመቱ አምስት እጥፍ ያህል ተስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ብቻውን ግን ልብስ አይሆንም፤ ከናይለን ወይም ከጥጥ ጋር ይጠለፋል። ጥሩ የሆድ ማሰሪያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ፓወር ኔት የተባለው መረብ መሰል ጨርቅ ነው። ወደ ብርሃን ስትዘረጊው ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይታያሉ፤ አየር የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። ይህ በቴምቢሳ ትርጉም አለው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከሰዓት በኋላ ከዝናቡ በፊት ያለው ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይጠናል፤ አየር የማያስገባ ድርብ ናይለን የለበሰች አራስ ሽፍታ ታወጣለች። ሰኔና ሐምሌ ደረቅና ብርድ ስለሆነ ያኔ ወፈር ያለውም ይቻላል።

ጨርቁን ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በሁለት እጅ ይዘሽ ወደ ጎን ሳቢው፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳቢው፣ ልቀቂውና ተመልከቺ። ጥሩው ሳይረግብ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መልሶ የሚጎትትሽ ኃይልም ቀስ በቀስ ይጨምራል እንጂ ድንገት አይዝም። መጥፎው መጀመሪያ ምንም አይዝም፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ገመድ ይሆናል። ያ ድንገተኛ ማነቅ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ አይታወቅሽም፤ ስትቀመጪ ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ቁጭ በዪ፣ ጎንበስ በዪ፣ ልጅ እንደምታነሺ ሁኚ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጪ ተናገሪ። የላይኛው ጠርዝ ከተጠቀለለ ልብሱ አጭር ነው ወይም ላስቲኩ ጠባብ ነው። ጡት ላይ ወጥቶ የሚጫን ከሆነ ለምታጠባ አይሆንም፤ እንዲህ ዓይነት ጫና ወተት ሊዘጋ ይችላል። ልኩም ዛሬ ባለሽ ወገብ ይሁን፤ ከእርግዝና በፊት የነበረሽን ቁጥር ለጊዜው ተዪው።

በኦፕራሲዮን ለወለደች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ከሁሉ ይቀድማል፤ ጠርዙ ወይም ስፌቱ ቁስሉ መስመር ላይ አያርፍ። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከብልት ጸጉር መስመር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ወገቡ ዝቅ ያለ ማንኛውም ልብስ ቀጥታ እሱ ላይ ይቀመጣል። ከእምብርት በላይ የሚወጣው ነው የሚሻላት።

መጥፎ ሥራም አለ፤ ሳልናገር አላልፍም። ከወፍራም ጎማ የተሠሩ፣ ፊት ለፊት በመንጠቆ የሚቆለፉ፣ ጎናቸው ላይ ጠንካራ ዘንግ የተሰፋባቸው ቀበቶዎች በብዛት ይሸጣሉ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ተሠርቷል፤ እናት ግን ቆማ አትውልም። ስትቀመጥ ከታች ጭኗን፣ ከላይ የጎን አጥንቷን ይወጋል። ከዚያ የከፋው፣ ሆድን ከመሐል ሲጨምቅ ጫናው ወደ ታች ወርዶ፣ ገና በወሊድ የደከመው የዳሌ ወለል ላይ ያርፋል። እግር የሚያደነዝዝ፣ ቃር የሚያስነሣ፣ ሲወልቅ ቀይ ሰንበር የሚተው ማሰሪያ ጥብቀቱ በዛ ማለት ነው። ሌሊትም መውለቅ አለበት።

ጥሩው ቢገኝም እንኳ ሆዱ ሲቀንስ ይሰፋል። እዚህ ላይ የቴምቢሳ ልብስ ሰፊዎች ይገባሉ። ኮንቴይነር ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ጥላ ሥር መኪናቸውን ዘርግተው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የሰርግ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ናቸው። አንዷ የሆድ ማሰሪያ ስታጠብብ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ የጎን ስፌቱን በቀጭን ምላጭ ተረተረች፤ ክሩን ብቻ ቆረጠች፣ አንድ የጨርቅ ጥልፍ አልነካችም። መርፌዋን አወጣችና ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ሌላ ገጠመች፤ ሹል መርፌ ኤላስቴኑን እየወጋ እንደሚበጥሰው ታውቃለች። ቀጥ ያለ ስፌት አልሰፋችም፤ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ አብሮ እንዲሄድ ዚግዛግ አደረገችው። ስትጨርስ ስፌቱን በሁለት እጇ አቅሟ እስኪያልቅ ሳበችው። አልተበጠሰም። «ሲሲ (እህቴ)፣ ውሰጂ» አለችና ወደ ዩኒፎርም ስፌቷ ተመለሰች።

ለጂፒ ነጋዴዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከዱባይም ከቻይናም ስታስመጡ ናሙናውን ገልብጡት። እግር መሐል ያለው ጥጥ መሆኑን በጣት ፈትሹ፣ ጎኑ ላይ ዘንግ ካለ መልሱት፣ የላይኛው ላስቲክ ቢያንስ ሦስት ጣት ይሁን፣ ልኩም ኤምና ኤል ብቻ ሳይሆን በሴንቲሜትር ይጻፍበት። ደግሞም ሱቃችሁ ውስጥ መጋረጃ ጋርዱና አንድ ወንበር አስቀምጡ፤ ገዢዋ ለብሳው ትቀመጥበት።