ፊርማውና ሐሳቡ

በሐሰተኛ ሰነድ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚባክነው ማንም ባልካደው ነገር ላይ ነው። ልጅ በአባቱ ስም ፈርሟል በተባለበት ጉዳይ የፎረንሲክ ባለሙያው ፊርማው የአባትየው ሳይሆን የልጁ መሆኑን ይመሰክራል፤ ልጁም አልካደም። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ያስረዳ ይመስለዋል። በጥብቅና ሥራዬ እንደማየው ግን ከባዱ ክርክር ገና አልተነካም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 23 ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ መሆኑን ይደነግጋል። በሐሰተኛ ሰነድ ጉዳይ አንቀጽ 375 ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል፦ ተከሳሹ ሰነዱን እያወቀ መሥራቱ አይበቃም፤ የሌላውን መብት ወይም ጥቅም ለመጉዳት፣ አለዚያም ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት ማሰቡ መረጋገጥ አለበት።

አባት ታመው አልጋ ላይ ዋሉ እንበል። ልጃቸው በፈቃዳቸው በስማቸው እየፈረመ ጡረታቸውን ይቀበላል፤ ብሩንም ያስረክባቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ውክልና ነበር፤ አሠራሩን ጥሷል። ገንዘቡ ግን ለባለመብቱ ደርሷል። ማን ተጎዳ? ማንስ የማይገባውን አገኘ?

አባት ካረፉ በኋላስ? ልጁ በወሩ እንደ ልማዱ ሄዶ ፈረመ። እጁም ፊርማውም ያው ነው፤ የተለወጠው ገንዘቡ የሚገባው ሰው ነው። ይህን ልዩነት የትኛውም የፊርማ ምርመራ አያሳይም።

ስለዚህ ሐሳብ የሚፈለገው ከወረቀቱ ውጪ ነው። ሞቱን ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቋል? ከፋዩ ስለ አባቱ ሲጠይቀው «ደኅና ናቸው» አለ ወይስ እውነቱን ተናገረ? ብሩ የት ገባ? «ለእናቴ በተተኪነት የሚገባት መስሎኝ ነው» ካለ፣ ያንን እምነቱን አድራጎቱ ይደግፈዋል? አምኖ የወሰደ ሰው ሞቱን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

በአንቀጽ 692 የአታላይነት ክስም መንገዱ ይኸው ነው። ተከሳሹ ማንነቱን አሳስቶ መቅረቡ ብቻውን አይበቃም፤ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ ሌላውን በንብረት መብቱ ላይ ጉዳት የሚያስከትል ድርጊት እንዲፈጽም ማድረጉ መታየት አለበት።

«ሐሳብ በልብ ውስጥ ያለ ነው፤ በምን ይታወቃል?» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። በአድራጎት ይታወቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ስለሚያዝ፣ ይህን የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው። መርማሪው በመጀመሪያው ቀን «ማን ፈረመ?» ከሚለው ጎን «ለምን ፈረመ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባቱን የረዳ ልጅ ከእስር ይድናል፤ አታላዩም «አሠራሩን ባላውቅ ነው» በሚል ሰበብ አያመልጥም።