መጀመሪያ ኮረንቲውን

ተለማማጃችን የአንድ ደንበኛ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ቤታቸው ራውተር ላይ ሲሰኩት አይታይም አሉ፤ ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። እርግጥ ልጁ የተማረውን ነው የተናገረው። ጎረቤቴ ያለው ባለሱቅ የመጣለትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳት ይወዳል፤ ደንበኞቹም ፈጣን ነው ይሉታል። ይበሉት።

እኔ ሴቲንግ ከመንካቴ በፊት ጆሮዬን ዲስኩ ላይ እለጥፋለሁ። መዞር ይጀምራል፣ ጠቅ ይልና ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል፣ ጠቅ። ይህን የሰማ ሁሉ «አለቀለት» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ዝም ብሎ የሚሠራ ከሆነ ግን የጎደለው ኮረንቲ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ የ3.0 ደግሞ 900 ነው። ባለ 2.5 ኢንቹ ዲስክ መዞር ሲጀምር ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ራውተሩ ራሱ በአንዲት ትንሽ አዳፕተር የሚኖር፣ ዋይፋዩንም ከእሷው የሚቀልብ ነው። አጭር ኬብልና የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ አምጡለት። ባለ 3.5 ኢንቹ በራሱ 12 ቮልት ስለሚሠራ ይህ ጣጣ የለበትም።

ሌላው የእኛ አገር በሽታ መብራት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ድርግም ሲል «በሥርዓት አልተዘጋሁም» የሚል ምልክት ይቀርበታል፤ አንዳንዱ ራውተር ያን ሲያይ አልከፍትም ይላል። ጠቅ ጠቅ የማይል ዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሰክቶ ስህተቱን ማስመርመር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ራውተሩ ዲስኩን አግኝቶት ኮምፒውተሩ ብቻ በኔትወርክ ካላየው ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአሮጌው የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል፣ የኤስኤምቢ 1 ነው፤ ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ እየተወው መጥቷል። ይህ ሁሉ ፎርማት አያስፈልገውም።

አንዴ አንዲት እናት የልጃቸውን ሠርግ ከካሴት ወደ ዲስክ አስገልብጠው፣ ካሴቱን ጥለው መጡ። ሃብ ላይ ስንሰካው ተከፈተ። «ይታያል፣ ይውሰዱት» ብላቸው አልሄዱም፤ በርጩማ ስበው ቁጭ አሉና ጨፋሪውን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ፣ «ይሄኛው አርፏል» እያሉ እስከ መጨረሻው አዩት። እኔም ሥራ ፈትቼ አብሬ አየሁ። ለማሽን ፍቅር ብዬ የገባሁበት ሥራ የሰው አልበም ጠባቂ አድርጎኛል፤ አልጠላሁትም።

ስለዚህ ልጄ፣ ባለቤቱን «ሌላ ቅጂ አለዎት?» ብለህ ጠይቅ። የለኝም ካሉህ ኬብል ቀይር፣ አዳፕተር ቀይር፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክር። ፎርማቱን ግን እኔ ሱቅ ውስጥ አታድርገው።