በጥርስ ቆዳ ማምለጥ

ለዕለት ንግግር የሚሆነውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ፍቺውን ሰጥተው ምንጩን ይዘጋሉ። በቅኔ ቤት ወርቁን ብቻ የተናገረ ተማሪ፥ ሰሙሳ? ተብሎ ይጠየቃል። እንግሊዞች ለጥቂት የተረፈውን ሰው «በጥርሱ ቆዳ አመለጠ» ይሉታል፤ ተማሪውም፥ ጥርስ ምን ቆዳ አለው? ብሎ ይሥቃል። ነገሩ ግን የኢዮብ ልቅሶ ነው (19፥20)። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1560 የታተመው የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ፥ ኋላም የ1611 የንጉሥ ጄምስ ትርጉም፥ ዕብራይስጡን ተከትለው እንዲሁ አወጡት። ሰባው ሊቃናት ግን በዚያው ስፍራ አጥንት በጥርስ ስለ መያዙ እንጂ ስለ ጥርስ ቆዳ አይናገሩም፤ የግእዙ ብሉይም ከእነርሱ የመጣ ስለ ሆነ፥ መጽሐፍ ዐዋቂው እንኳ ፈሊጡን ሲሰማ ዘመዱን አይለይም። «የግድግዳ ጽሕፈት» ሲሉ ግን ብልጣሶርን የማያስታውስ ካህን የለም። «ድመትና ውሻ ዘነመ» የሚሉትን እንደ ጨዋታ አልፈዋለሁ። ለኢዮብስ ከፍቺው አጠገብ ምዕራፍና ቍጥር ቢጻፍለት ከግማሽ መስመር ባላለፈ ነበር።