የጎደለው ይጉደል

«አባትየው ያላየውን እኛ ብናሳይ ምን ችግር አለው?» ጠያቂዋ የፊልም ድርሰት መጻፍ የጀመረች ወጣት ናት። ያነሳችው ቪክቶር ቱርዣንስኪ እ.ኤ.አ. በ1938 በፈረንሳይ የሠራውን «ኖስታልጂ»ን ነው፤ መነሻው የፑሽኪን አጭር ልብ ወለድ፣ «የጣቢያው ኃላፊ»።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ችግር አለው ባይ ነው፤ ከዚህ አቋሙም የሚያነቃንቀው አልተገኘም።

ፑሽኪን በ1830 ቦልዲኖ ተቀምጦ የጻፈውን ታሪክ የሚነግረን አንድ መንገደኛ ነው። ፈረስ መለወጫው ጣቢያ የሚደርሰው ሦስት ጊዜ ብቻ። መጀመሪያ የጣቢያውን ኃላፊ ልጅ ዱኒያን ከነውበቷ ያያታል። ሁለተኛ ሲመጣ አባቷ ሳምሶን ቪሪን አርጅቶ ይጠብቀዋል፤ ልጁ ሚንስኪ ከሚባል ፈረሰኛ መኮንን ጋር ሄዳበታለች። በሦስተኛው የሚያገኘው መቃብር ነው። በመካከል ያለው ሁሉ የሰሚ ሰሚ ነው። ሠረገላ ነጂው ያመጣው ወሬ እንኳ ይኸው ነው፦ ልጅቷ መንገዱን ሙሉ አልቅሳለች፣ ግን ወዳ የምትሄድ ትመስል ነበር።

ካሜራው ሠረገላው ውስጥ ከገባ ያ እንባ ተፈታ ማለት ነው። ወይ ተጠልፋለች፣ ወይ ወዳለች። ቪሪንን የበላው ግን ይህን አለማወቁ ነው። ፒተርስበርግ ድረስ በእግሩ ሄዶ እንኳ ያያት በበር በኩል፣ ለቅጽበት ነው። እሱ የማያውቀውን ያወቀ ተመልካች ያዝንለት ይሆናል እንጂ አብሮት አይጨነቅም።

እንዲህ ያለውን ክፍተት መሙላት የት እንደሚያደርስ ለማየት የጉስታቭ ኡቺትስኪ የ1940 የጀርመን ፊልም «ዴር ፖስትማይስተር» ይበቃል። እዚያ ዱኒያ ራሷን ታጠፋለች። ፑሽኪን ግን በባለ ስድስት ፈረስ ሠረገላ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ መቃብር ይመልሳታል፤ ያንንም የምንሰማው ከአንድ የመንደር ልጅ ነው። የአባትየውን ሞት የሚያከብደው የእሷ ደኅና መሆን ነው። ፊልሙ ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፤ ሽልማቱ ግን ፍጻሜውን ትክክል አያደርገውም።

«ኖስታልጂ» ሃሪ ባውር ነበረው፤ በ1934ቱ «ሌ ሚዜራብል» ዣን ቫልዣንን የተጫወተው ተዋናይ። ዳይሬክተሩም ከሩሲያ አብዮት በኋላ አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቪሪንና እንዲህ ያለ ስደተኛ በእጅ እያለ፣ ዱኒያን ለብቻዋ ለመከተል ምን ያስቸኩላል?

የፊልም ድርሰት ሙያ ለዚህ ጸሐፊ የሰጠው ትልቁ ነገር የማዳመጥ ልማድ ነው። ልጃቸውን ወደ ዓረብ አገር የሸኙ እናት ሲያወሩ አንድ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። እሱ ያን ዝምታ በጥያቄ አይሞላውም፤ አብሯቸው ይቀመጣል።

ለጠያቂዋም ለሌሎች ጀማሪዎችም አንድ ልመና አለ። ፊልሞቹን ከማየታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡት፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ከዚያም መንገደኛው ያላየውንና ያልሰማውን አንድም ትዕይንት ሳትጨምሩ ለመጻፍ ሞክሩ።